የዳገት ማርሽና የአያ ስመኘው በቅሎ

በእኛ አገር ድካም የሚቀንስ ነገር ሁሉ ንጹሕ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ተከሳሽ ነው። ወፍጮ ቤት ሲከፈት «ዱቄቱን ያቃጥለዋል» ተባለ። ውኃ በጋሪ የሚያስመጣ ሰው «ልጆቹን ሊያሰንፍ ነው» ተብሎ ይታማል። ጃንጥላ የያዘ ጎረምሳማ «ፀሐይ ፈራ» ተብሎ ስም ይወጣለታል። ላብ ያልነካው ነገር በረከት የለውም የሚል፣ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን በቃሉ የያዘው ሕግ አለን። እኔ ላብን አልቃወምም፤ ከማንም የማያንስ ላብ አፍስሻለሁ። የምቃወመው ያለ ምክንያት የሚፈሰውን ነው። ለምን እንደተናደድኩ እስክነግራችሁ ታገሱኝ። ንዴቱ ሁለት ዓመት የሞላው ስለሆነ እስክጨርስ ድረስ አይበርድም።

ትውልዴ ሞጣ ነው፤ ቢቸና ውስጥ ደግሞ ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ ሳይጠየቁ በመምከርም አንዱ ከሌላው አይተናነስም። ባለ ማርሽ ብስክሌቴን ከባሕር ዳር ገዝቼ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኜ ሳመጣ መኪናው ለምሳ ሞጣ ላይ ቆመ። ታላቅ ወንድሜ ሊያየኝ መጣና እኔን ትቶ ጣሪያው ላይ ያለውን ብስክሌት ሲመረምር ቆየ። ስንት ማርሽ እንዳለው ጠየቀኝ። ሃያ አንድ አልኩት። የጭነት መኪና እንኳ ድንጋይ ተሸክሞ በአምስትና በስድስት ማርሽ አገር እንደሚያቋርጥ ገለጸልኝና፣ «አንተ ብቻህን ሆነህ ሃያ አንድ ምን ያደርግልሃል? ምን ልትጭን ነው?» አለኝ። እንግዲህ ይህ የሞጣው ነው።

ቢቸና ስደርስ ብስክሌቱን እንዲያጠባብቁልኝ ወደ ጋሽ ምንይችል ወሰድኩት። ጋሽ ምንይችል ብስክሌት ይጠግናሉ፤ ራዲዮም፣ ምድጃም፣ የተጣሉ ባልና ሚስትም ይጠግናሉ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ የብስክሌቱን ሰንሰለት፣ ካቴናውን፣ ከፊት ትልቁ ጥርስ፣ ከኋላ ትንሹ ጥርስ ላይ አድርገው፣ ማለትም ከሃያ አንዱ ውስጥ ከሁሉም ከባዱን መርጠው፣ መቀየሪያውን በአሮጌ ጎማ ላስቲክ ጥፍንግ አድርገው አስረውት አገኘሁ። ደነገጥኩ። ምን ማለትዎ ነው አልኳቸው። የሚነካካ ነገር ይበላሻል፣ የማይነካካ ነገር ዕድሜ አለው አሉኝ። ታዲያ ዳገት ሲመጣ ምን ልሁን? ጋሽ ምንይችል ከመፍቻቸው ቀና ሳይሉ፣ «ቁም» አሉኝ። «ወንድ አይደለህም? ፔዳሉ ላይ ቁምና ርገጥ!»

እኔ የምለው፣ ሃያ አንድ ማርሽ የሠራው ሰውዬ ይህን ሁሉ ጥርስ የቀረጸው ለጌጥ ነው? ላስቲኩን ያን ዕለት ማታ ፈታሁት።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ጥርሳም ክቦች አሉ። ዳገት ሲመጣ ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ትይዛላችሁ። ያኔ እግር ብዙ ይዞራል፣ ጎማው ጥቂት ይዞራል፣ ጉልበት ያርፋል። አንድ ኩንታል ጤፍ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ወገብ ከመስበር በቁና በቁና እየተመላለሱ ማስገባት ማለት ነው። ኩንታሉ ያው ኩንታል ነው፤ ወገቡ ግን የራስ ነው። ዋናው ሕግ ደግሞ ማርሽ የሚቀነሰው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ እግር ገና ሳይጨነቅ መሆኑ ነው። ካቴናው ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚሻገረው እየዞረ ሳለ ብቻ ነው። ቆማችሁ ብትቀይሩት አይሰማም። ዳገቱ መሃል ላይ በሙሉ ክብደታችሁ እየረገጣችሁ ብትቀይሩት ደግሞ ይንጋጋል፣ ከዚያ ወይ ይወልቃል ወይ ይበጠሳል። ዳገት መሃል ላይ ማርሽ የሚቀንስ ሰው ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነው።

ይህን ሕግ አክብሬ የገበያውን ዳገት ስወጣ የቢቸና ሰው ሥራውን ትቶ ይስቅብኝ ጀመር። እግሬ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ብስክሌቱ ቀስ እያለ ይሄዳል። አንዱ ባለሱቅ «የመምህር እግር ባሕር ዳር ደርሷል፣ ብስክሌቱ ግን ገና ቢቸና ነው» ብሎ አስወራብኝ። በሌላ በኩል አንድ ጎረምሳ በከባዱ ማርሽ ቆሞ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እየሰፋ ሲወጣ «ጀግና! አይዞህ!» እያሉ ያጨበጭቡለታል። ጎረምሳው ከዳገቱ አናት ደርሶ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ውኃ ያፈሱበታል። እኔ እዚያው አናት ደርሼ እንደምን ዋላችሁ እላለሁ፤ ማንም አይመልስልኝም። ይህ ፍርድ ነው? ሕዝብ እንዲህ ነው እውቀትን የሚያከብር?

የሳቁን ነገር ልተወው። የባሰው ሰላምታው ነው። በእኛ አካባቢ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ታላቁን ሲያገኝ ይወርዳል። ከበቅሎ ጀርባ ላይ ሆኖ ሽማግሌን ሰላም ማለት ስድብ ነው። ብስክሌት ሲመጣ ደግሞ ማንም ስብሰባ ሳይጠራ ከበቅሎ ወገን ተመደበ። ስለዚህ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር እወርዳለሁ፣ እጅ እነሳለሁ፣ የቤተሰቡንም የከብቱንም ደኅንነት ጠይቄ እንደገና እወጣለሁ። በዚህ ቅር አይለኝም፤ ያደግሁበት ነው። ነገር ግን በቅሎ ካቆሟት ቦታ በፈለጉት ጊዜ ትነሳለች። ብስክሌት ሽማግሌው ባገኘው ማርሽ ላይ እንደተያዘ ይቀራል። ሜዳውን በከባድ ማርሽ እየበረራችሁ መጥታችሁ፣ ልክ ልትቀንሱ ስትሉ ዳገቱ ሥር አንድ ሽማግሌ ከተገኘ በቃ፣ አበቃላችሁ። ወርዳችሁ ተነጋግራችሁ ስትወጡ ፊታችሁ ዳገት፣ እግራችሁ ሥር ከባድ ማርሽ ነው። እኔም በዚህ ጉዳይ በሥርዓትና በፊዚክስ መሃል ቆሜ ስቸገር ኖርኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

ይበልጣል የአማርኛ አስተማሪ ነው፤ ጎረቤቴም ጓደኛዬም ነው። እሱና ባለቤቱ ትርንጎ ልጅ ሳያገኙ አሥራ አንድ ዓመት ቆዩ። ያልተጠመቁበት ጠበል የለም። አንድ ዓመት መርጡለ ማርያም ተስለው ሲመለሱ፣ ልጁ ከመጣ ክርስትና የማነሣው እኔ ነኝ አልኩት። እጁን ዘረጋልኝ፣ እጅ ለእጅ ተማታን። እንደቀልድ ይመስል ነበር፤ ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ሚስትም ልጅም የለኝም። ክፍል ውስጥ ስድሳ ልጅ «ቲቸር» ይለኛል፤ «አባቴ» የሚለኝ ግን የለም። አንድ እንዲኖረኝ እፈልግ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እናንተም አደራ።

እንግዲህ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። የሚጠመቀው ወንድ ከሆነ የሚያነሣው ክርስትና አባት ነው፤ ሴት ከሆነች ክርስትና እናት ታነሣታለች። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሕፃኑ ሲወለድ ወንድ ሆነ። በደስታ ዘለልኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በዚህ ዕድሜዬ የይበልጣልን አጥር ዘለልኩ።

ክርስትናው በአርባ ቀኑ፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ከትርንጎ ቤተሰቦች መንደር በላይ፣ ኮረብታ ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ተወሰነ። ወላጆቹ ከሁለት ቀን በፊት ሄደው እዚያው መንደር አደሩ። እኔ ቅዳሜ ማካካሻ ትምህርት ስለነበረብኝ እሑድ ጠዋት ልደርስ ተስማማን። ጥምቀቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ቅዳሴው ይከተላል፤ ቄሱ ማንንም አይጠብቁም። በእግር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በብስክሌት፣ ማርሹን ለሚያውቅ ሰው፣ አንድ ሰዓት አይሞላም።

የትርንጎ አጎት አያ ስመኘው ይህን ሲሰሙ ሳቁ። አያ ስመኘው ቢቸና ውስጥ የሚኖሩ፣ ፈሊጥ የሚያውቁ፣ ደንብ ሲጣስ ከሩቅ የሚሸታቸው ሽማግሌ ናቸው። አንዲት ዳማ በቅሎ አለቻቸው፤ እንደ ልጅ ስለሚያዩአት ልጆቻቸው የሚቀኑባት ናት። «በእግርህ ሂድ» አሉኝ። «ያ እንዝርትህ ዳገቱ ላይ ጥሎህ ሕፃኑ አንሺ እንዳያጣ። ካልደረስክ እኔ እቆምለታለሁ፤ እንዲያው ሐሳብ እንዳይገባህ።» ሐሳቡማ ያን ጊዜ ገባኝ! እኔም አፌ አያርፍ፣ ከበቅሎዎ ቀድሜ ነው የምደርስ አልኳቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ገና ከቤቴ ሳልወጣ ነው ያፈሰስኩት።

እሑድ በማለዳ ነጭ ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ደረቴ ላይ አጣፍቼ ተነሣሁ። ጦሜን ነኝ፤ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ መንገዱ ደረቅ ነው። የመጀመሪያውን ቁልቁለት በከባዱ ማርሽ እየበረርኩ ወረድኩ። ከታች ትንሽ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ይጀምራል። ሐሳቤ ድልድዩ ላይ ስደርስ ማርሹን ልቀንስ ነው።

ድልድዩ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ።

ወረድኩ። ምን አደርጋለሁ? እንደምን አደሩ ተባባልን። ቤት ደኅና፣ ትምህርት ደኅና፣ ሞጣ ደኅና። ከመካከላቸው አንዱ የተማሪዬ አባት ሆነው ተገኙና ልጃቸው ፊዚክስ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ልጁ ፊዚክስ ላይ እንዴት እንደሆነ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። በእሑድ ማለዳ፣ ለክርስትና እየሄድኩ፣ ውሸትም እውነትም መናገር አልቻልኩም። «ይሞክራል» ብዬ ለማለት ብዙ ዙሪያ መሄድ ነበረብኝ። ፀሐይዋ ከፍ አለች።

ተሰናብቼ ስወጣ ማርሹ ከባዱ ነው። ሦስቱም ቆመው ያዩኛል። ረገጥኩ፤ ብስክሌቱ አልንቀሳቀስም አለ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ወደ ጎን ተንገዳገድኩ። «ቁም! ቁምና ርገጠው!» አሉኝ በአንድ ድምፅ። ጋሽ ምንይችል ሦስት ሆነው የመጡ መሰለኝ። በንዴት ቆምኩ፤ በሙሉ ክብደቴ እየረገጥኩ፣ ለተማሪዎቼ «በጭራሽ» የምለውን አደረግሁ፦ ማርሹን ቀየርኩት። ካቴናው አጉረመረመ፣ ቋ አለና ወልቆ በጥርሱና በብረቱ መሃል ተሰነቀረ። ተንበርክኬ ስጎትት ስገፋ እጄ እስከ አንጓዬ ጥቁር ግራሶ ሆነ። ከጀርባዬ አንደኛው ሽማግሌ ረጋ ብለው፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ።

ልክ ናቸው። ያናደደኝም ልክ መሆናቸው ነው። ፊዚክስ ተምሬ ያገኘሁትን ሕግ ሰውዬው ብስክሌት ላይ ሳይወጡ በአራት ቃል ጨረሱት። ብስክሌት ቆሞም ቢሆን የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ፔዳሉን በእጅ እያዞሩ ማርሽ መቀነስ እንደሚቻል ደግሞ አውቅ ነበር፤ ትዝ ያለኝ ግን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው።

ካቴናውን መልሼ፣ ብስክሌቱን እየገፋሁ ያን ዳገት ጨርሼ ሜዳው ላይ ስወጣ ማልሁ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ፓትርያርክም ቢመጣ አልወርድም አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ሰዓቱ እያለቀ ነበር፤ ዓይኔ ላይ የነበረው ያ ሕፃን ብቻ ነው።

ሜዳው መጨረሻ ላይ ትልቁ ዳገት ይታያል። ከዳገቱ ሥር፣ ገና ሜዳው ላይ፣ አንዲት ዳማ በቅሎ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው ተሸክማ በስክስክ ትሄዳለች። አያ ስመኘው ናቸው። ከኋላቸው ስጠጋ ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አሁን ብወርድ ድልድዩ ይደገማል። ባልወርድ ደግሞ አያ ስመኘው ናቸው። ወሰንኩ። በደንቡ መሠረት፣ ዳገቱ ሳይጀምር፣ እግሬን አቅልዬ ማርሹን ቀነስኩ። ካቴናው እንደ ቅቤ ሾልኮ ትልቁ ጥርስ ላይ ወጣ። እንዲህ ያለ ጥሩ ቅያሬ በሕይወቴ ቀይሬ አላውቅም፤ የሚያደንቅልኝ ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ግን ነበር። ቀላል ማርሽ ዳገት ያወጣል እንጂ አያስቸኩልም። ከበቅሎዋ እፈጥናለሁ፤ የምፈጥነው ግን በስንዝር ነው። ሰውን በፍጥነት ቢያልፉት «አላየሁዎትም» ማለት ይቻላል። እኔ ግን አያ ስመኘውን ለማለፍ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተጓዝኩ። መጀመሪያ ከበቅሎዋ ጭራ ጋር እኩል ሆንኩ። ከብዙ ድካም በኋላ ከኮርቻው እርካብ ጋር። አንገቴን ሰብሬ፣ እያለከለክሁ፣ «እንደምን አደሩ አያ» አልኳቸው።  እግሬ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይዞራል። እሳቸው ጃንጥላቸውን ወደ እኔ በኩል ዘንበል አድርገው እግሬን ብቻ ያያሉ። ለበቅሎዋ የሚናገሩ መስለው፣ «ይኼ ሰው ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚንፈራገጥ?» አሉ። ይቅርታ አያ፣ ከወረድኩ አይነሣልኝም አልኩ። «እኔ ውረድ አልኩህ?» አሉኝ። ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ጎጃም ያደገ ሰው ይገባዋል። በመጨረሻ ከበቅሎዋ ጆሮ አለፍኩ፣ ከአፍንጫዋም አለፍኩ። ጥርሷን አሳየችኝ።

ቀድሜ ደረስኩ! ለሁለት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ብስክሌቴን ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ላይ አስደግፌ ገባሁ። ይበልጣል አቀፈኝ። ትርንጎ ሕፃኑን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ፤ ተኝቷል፤ ቅንድቡ የይበልጣል ነው። እጄ ጥቁር ስለሆነ አልነካሁትም፤ አመድና ውኃ ፈልጌ ስፈገፍግ ቆየሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እዚህ ላይ ካልጻፍኩ ንዴቴም አይገባችሁም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጣ ልጅ ሊሰጠኝ ነው፤ በአመድና በውኃ የተላጠውን እጄን ደግሜ ፈገፈግሁት።

ቄስ ልሳነወርቅ ከቤተ ልሔሙ በኩል ብቅ ሲሉና አያ ስመኘው በበሩ ሲገቡ እኩል ሆነ። ቄሱ ወጣትነታቸውን ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲቆጥሩ ያሳለፉ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ምላሳቸው ስለት ያለው ሰው ናቸው። «ክርስትና የሚያነሣው ማን ነው?» አሉ። ይበልጣል በእጁ ወደ እኔ አሳየ። አያ ስመኘው ድምፃቸውን ሳያነሡ አንድ ጥያቄ አለኝ አሉ። ክርስትና አባት ለልጁ የሚያስተምረው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ቄሱ «ሃይማኖትና ሥርዓት» አሉ። «ሃይማኖቱን እንጃ» አሉ አያ ስመኘው፤ «ሥርዓቱን ግን ዛሬ ጠዋት ዳገቱ ላይ ጎን ለጎን ስንሄድ አየሁት። ለሰላምታ አልወረደም።»

 ይበልጣል መሬት መሬት አየ። አልፈርድበትም፤ የሚስቱ አጎት ናቸው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ለቄሱ አስረዳሁ። ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን፣ ካቴናው እየዞረ ብቻ እንደሚሻገር፣ ዳገት መሃል የወረደ ሰው እንደማይነሣለት፣ ድልድዩ ላይ የሆነውንም ሁሉ ነገርኳቸው። ክፍል ውስጥ እንዲህ ጥርት አድርጌ አስተምሬ አላውቅም። ቄሱ በጥሞና ሰሙኝ፤ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ አዛወሩ።

«እንግዲህ ዋናው ነገር ዳገቱ ሳይጀምር ነው» አሉኝ።

አዎ አባ፣ ዋናው እሱ ነው አልኩ፤ ስለገባቸው ደስ ብሎኝ።

«ዳገቱ ሳይጀምር በቅሎዋን አይተሃታል?»

አይቻታለሁ አባ።

«ሜዳው ላይ ሳለህ ማርሽህን ካሰብክ፣ ሰላምታህንም ሜዳው ላይ ማሰብ ነበረብህ። አሁንስ ዳገቱ ጀመረ ልጄ» አሉና ወደ አያ ስመኘው ዞሩ።

የገዛ ሕጌን አንሥተው መቱኝ። ብስክሌት ጋልበው የማያውቁ ቄስ! 

ያም አልበቃም። አያ ስመኘው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እስከ በሩ ይዘውኝ ወጥተው የበቅሎዋን ልጓም እጄ ላይ አኖሩት። «ያዝልኝ፤ ሰው ታስቸግራለች» አሉ። ሕፃኑ ተጠምቆ፣ ማተቡ ታስሮለት፣ ሲያለቅስ እየሰማሁ ከቅጥሩ ውጭ በቅሎ ይዤ ቆምኩ። በአንድ እጄ ልጓም፣ በአንድ እጄ የብስክሌት መሪ። በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። የዚህችኛዋ አጎትማ ውስጥ ሆኖ ልጅ ያነሣል! እዚያ ቆሜ አለቀስኩ ብላችሁ አልክድም። በቅሎዋ ብቻ ናት ያየችኝ፤ ለማንም አልተናገረችም፤ ለዚህ ብቻ አከብራታለሁ።

ሲወጡ አያ ስመኘው ፊታቸው በርቷል። ልጓሙን ተቀበሉኝና ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «አይክፋህ፣ የሚቀጥለውን አንተ ታነሣለህ፤ ሥርዓት ከያዝክ» አሉኝ። የሚቀጥለው! የመጀመሪያው አሥራ አንድ ዓመት ነው የፈጀው። ያም ሆኖ ይህችን ቃል ያዝኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቢቸና መንገድ እንደ እኔ ሥርዓት ያለው ብስክሌተኛ አልታየም። ሽማግሌ ከሩቅ ሳይ ማርሼን ቀንሼ፣ አስቀድሜ ወርጄ፣ መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ። አንዳንዶቹ እስኪደርሱ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ የተማሪ ፈተና እያረምኩ እጠብቃቸዋለሁ። የአያ ስመኘው በቅሎማ ሰው ባይኖርባትም፣ ስትግጥም ባያት፣ እወርድላታለሁ። ባለሱቁ አሁን ደግሞ «መምህር የበቅሎ ታቦት አገኘ» እያለ ነው። ይበል።

የእግዚአብሔር ሥራ ድንቅ ነውና ዘንድሮ ትርንጎ እንደገና ነፍሰ ጡር ሆነች። ይበልጣል ሲነግረኝ እጁን ዘረጋ፣ ተማታን። ዘጠኝ ወር ሙሉ ተዘጋጀሁ። ነጭ ልብሴን አሳጠብኩ። በእግር ለመሄድ ወስኜ ዳገቱን በእግሬ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ለካሁት። አያ ስመኘውን ባገኘሁ ቁጥር ከወገቤ እስክሰበር እጅ ነሣሁ። ቄስ ልሳነወርቅ ገበያ ላይ አይተውኝ፣ «ሜዳው ላይ ነህ፣ በርታ» አሉኝ። ከአሁን በኋላ ምን ይጎድላል?

ባለፈው ሐሙስ ትርንጎ በሰላም ተገላገለች። ይበልጣል በሩጫ መጣ። ደጃፌ ላይ ቆሞ ደስታም ኀፍረትም ያለበት ፊት አሳየኝ። ገና አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

ሴት ናት።

ጤነኛ ናት፣ ቆንጆ ናት ይላሉ፣ እግዚአብሔር ያሳድጋት። እኔ ግን ለሴት ልጅ አልቆምም፤ ክርክር የለውም፤ ይህን ራሴ ነኝ ከላይ የነገርኳችሁ። ክርስትና እናት እንዲሆኑ የተመረጡት የአያ ስመኘው ባለቤት እትየ ጥሩወርቅ ናቸው።

ትናንት ማታ በር ተንኳኳ። አያ ስመኘው ናቸው። ከበቅሏቸው ወርደው ቆመዋል፤ ለእኔ! እጅ ነሡኝ። የሆነ ነገር እንደመጣ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እትየ ጥሩወርቅ በቅሎ ከጣለቻቸው ወዲህ በቅሎ ላይ እንደማይወጡ፣ ጉልበታቸውም ያን ዳገት በእግር እንደማይችል አጫወቱኝ። እትየን ታውቋቸው እንደሆነ ለጋስ ሴት ናቸው፤ በልባቸውም በወርዳቸውም። ከዚያ አያ ስመኘው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ያ ማርሽ ያልከው ነገር፣ ከኋላው ሰው ቢጨመርበት ዳገቱን ያወጣል?» አሉኝ።

ያወጣል አልኩ። ምን ልበል? ፊዚክስ ነው።

«ደግ» አሉ። «ከበቅሎዬ ግን እንዳትቀድም።»

የሴት ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው። ዳገቱ ገና ሰባ ስድስት ቀን ይቀረዋል። ማርሹን ግን ከዛሬ ቀንሼዋለሁ።